ወፍራሙ ሽቦ

ቅናት የያዘው ሰው ሥራ አይሠራም፤ ሠራ ቢባል እንኳ እጁ እንጂ ልቡ አብሮት የለም። ገመቺስ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ የተበላሸ ካውያ ፈታ፣ ገጠመ፣ መልሶ ፈታ፤ በመጨረሻ ብሎኖቹን ጠረጴዛው ላይ በትኖ ተቀመጠ። ዓይኑ ከመንገዱ ማዶ ካለው የቀርከሃ አጥር አልተነቀለም። ከአጥሩ በላይ የአቶ ደባልቄ ቤት በረንዳ ይታያል፤ በረንዳው ላይ አንዲት አምፖል ተንጠልጥላለች። በሩ ላይ ደግሞ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። የዚያች መኪና ባለቤት ኢንጂነር ምንያህል ነው፤ ገመቺስ በዚህ ዓለም ላይ የዚያችን ያህል የጠላት መኪና የለችም።

«ያ ገመቺስ፣ ካውያውን ገደልከው። በቃ፣ ቅበረው» አለው ሙርሳል።

ሙርሳል ጎረቤቱ ነው። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ በኩል የሚመጣ ሽቶና ነጠላ ጫማ የሚሸጥ፣ ጢሙ የሸበተ የበርታ ነጋዴ። በቋንቋው ያሰበውን በአማርኛ ሲያወጣው ወንዱና ሴቱ ይደባለቁበታል፤ ቁም ነገሩ ግን አይደባለቅበትም።

«ካውያው ራሱ ነው የሞተው» አለ ገመቺስ።

«መኪናውን እያየህ ነው። እሷ መኪና ትናንትም ነበረ፣ ከትናንት ወዲያም ነበረ። ወላሂ፣ እዛ ቤት ሊያድር ነው።»

ሙርሳል ሊያስቀው ብሎ ነበር። ገመቺስ ግን «ሊያድር ነው» የሚለውን ቃል ብቻ ሰማ። የያዘው ካቻቪቴ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሲያነሳው እንኳ ዓይኑ በሩ ላይ ነበር።

*

የገመቺስና የእስከዳር ነገር የጀመረው በአንድ የፊውዝ ሳጥን ነው።

አቶ ደባልቄ በመንግሥት ሥራ ተመድበው ከጎጃም አሶሳ ሲመጡ ይህን ቤት ገዙ። ሳጥኑን ከነግድግዳው አገኙት። የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተደረደሩ ነጭ የሸክላ ፊውዞች ናቸው፤ ክዳኑ ወልቆ የት እንደገባ አይታወቅም። ከዚያ የሚነሱት ጨርቅ የለበሱ የድሮ ሽቦዎች ግድግዳውን ይዘው ይወጡና ከቀርከሃው ኮርኒስ በላይ ይጠፋሉ። ሳጥኑ የተሠራው ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ነበር። አቶ ደባልቄ ጡረታ ወጥተው የእህል መጋዘን ከከፈቱ፣ ሀብትም ካፈሩ በኋላ ቤቱ ፍሪጅ ገባበት፣ ስቶቭ ገባበት፣ ቬንትሌተር ተሰቀለበት። ሳጥኑን ግን ማንም አላሰበውም። ሰው ሳሎኑን ያሳምራል እንጂ የፊውዝ ሳጥን ማን ያያል?

አንድ ቀን አንድያ ልጃቸው እስከዳር፣ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ ነጭ ጋዋኗን እየተኮሰች ስቶቩም ውኃ ማፍያውም በርተው ሳለ መብራቱ ድርግም አለ። ከመንገድ ማዶ ያለው ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። ገመቺስ ፊውዙን ነቅሎ የቀለጠችውን ቀጭን ሽቦ አሳያት። እሷ በስልኳ መብራት ታበራለት ነበር።

«ምን ሆና ነው?» አለች።

«ሞታ ነው። ፊውዝ የሚሞተው ቤቱ እንዳይሞት ነው።»

«ታሳዝናለች» አለች እስከዳር፣ ከልቧ። ገመቺስ ቀና ብሎ አያት። የስልኩ ብርሃን ከአገጯ በታች ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ከብርሃኑ በላይ ሆነው ያዩት ነበር። ያን ቀን ወደ ሱቁ የተመለሰው መሣሪያውን ረስቶ ነው።

በሁለተኛው ጊዜ ገመቺስ ከሚገባው ቀጠን ያለ ሽቦ አስገባ። በሽተኛው ቶሎ ቶሎ እንዲመጣ መድኃኒት የሚያሳንስ ሐኪም ታውቃላችሁ? እንደዚያ። እስከዳርም ፋርማሲስት ናት፣ መጠን ታውቃለች፤ ገባት። ከዚያ ወዲህ አባቷ ወደ መጋዘን ሲሄዱ፣ እሷም ሥራ ሳትገባ ስትቀር፣ ስቶቩ፣ ካውያውና ውኃ ማፍያው አንድ ላይ ይበራሉ። መብራቱ ይጠፋል። እሷ መንገዱን ተሻግራ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ገመቺስ፣ ጠፋብን» ትለዋለች። እናቷ እትዬ አስረሳሽ «ይኼ ቤት ምን ነካው?» እያሉ ወደ ማንጎው ጥላ ይወጡላቸዋል። ያውቁ ይሁን አያውቁ እግዜር ይወቀው።

በዚያ ሳጥን ሥር ተሳሳቁ፣ ተኳረፉ፣ ታረቁ። እወድሻለሁ የሚለውን ቃል ግን አንዳቸውም አላወጡትም። አቶ ደባልቄ «ልጄ የምትገባው የተማረ ቤት ነው» ማለት ልማዳቸው ነው። ገመቺስ የባምባሲ ገበሬ ልጅ ነው፤ ሙያውን የተማረው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው፤ እናቱ በጸሎት ቤት መዘምራን ውስጥ ናት፤ እትዬ አስረሳሽ ደግሞ የማርያምን ዝክር የሚያወጡ ሰው ናቸው። ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ግን ሁሉንም ይረሳው ነበር።

*

ምንያህል የመጣው በጾሙ ማብቂያ ላይ ነው። የአቶ ደባልቄ የአገር ልጅ፣ የቀድሞ ጓደኛቸው ልጅ፤ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪክ እንዲያስተምር የቀጠረው ቁመናው የተመዘዘ ሰው። ምሳ ተጋብዞ ገባና ገና እጁን ሳይታጠብ ዓይኑ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

«ጋሼ ደባልቄ፣ ይህን የሚጠግንላችሁ ማነው?»

ገመቺስ ተጠራ። ሲገባ እስከዳር ለምንያህል በስልኳ መብራት ታበራለት ነበር። ልክ ለእሱ ታበራለት በነበረው እጅ፣ ልክ እሱ ይቆም በነበረበት ቦታ።

«ወንድሜ» አለው ምንያህል፣ ያለ ንቀት፣ «ይህ ሳጥን ዕድሜው አልፏል። ክዳን የለውም፣ ወደ መሬት የሚወርድ ኧርዝ የለውም። የሽቦዎቹ ልባስ ስነካው ይፈረፈራል። ከላዩ ደግሞ ደረቅ ቀርከሃ ነው። መቀየር አለበት ባይ ነኝ፤ አንተስ?»

እውነት ነበር። ሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ቀድሞ የሚናገረው ገመቺስ ራሱ ነው። ግን ሳጥኑ ከተቀየረ ፊውዝ አይሞትም፤ ፊውዝ ካልሞተ በምን ምክንያት ይህን ደጃፍ ይረግጣል? ምንያህል ያን ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ለእስከዳር አንድ ነገር ነገራት። ሳቀች።

«ይህን ሁሉ ዘመን ሠርቷል። ይሠራል» አለ ገመቺስ። ድምፁ የራሱ አልመስል አለው።

አቶ ደባልቄ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ተወው ልጄ፣ አንተም ብዙ ደከምክ። ምንያህል ዕቃውን ከአዲስ አበባ እስኪያስመጣልኝ መብራት ከጠፋ ለእሱ እንደውላለን።» የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ? ገመቺስ ያን ቀን ልጥ ሲነከርበት ታወቀው።

እነሱ ወደ ማዕዱ ሄዱ። እሱ መሣሪያውን ሊሰበስብ ብቻውን ቀረ። ከሳሎኑ የእስከዳር ሳቅ እንደገና መጣ። እጁን ኪሱ ከተተ፤ ኪሱ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ገመድ ልብ የተቆረጠ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ነበር። ፊውዙን ነቀለው። ቀጭኗን ሽቦ አውጥቶ ጣላት፣ ወፍራሙን አስገባ፣ በካቻቪቴው አጠበቀ፣ መልሶ ሰካው።

ይህ ሽቦ ምን ቢጭኑበት አይቀልጥም። ካልቀለጠ መብራት አይጠፋም። መብራት ካልጠፋ ምንያህል አይጠራም። ጣቱ አንዴ ቆም አለ፤ ምን እያደረገ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል። አዲሱ ሳጥን እስኪመጣ ነው፣ ጥቂት ጊዜ ነው ብሎ ራሱን አታለለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች ይባላል። ገመቺስም ለሰው ያጠረውን መንገድ በራሱም ላይ ማጠሩን አላሰበም፤ ያን ጊዜ ያሰበው የሌላ ሰው እጅ ላይ ያረፈውን ብርሃን ብቻ ነበር።

*

ከዚያ በኋላ በእርግጥም መብራት ጠፍቶ አያውቅም። ነጯ መኪና ግን ያለ ፊውዝም መምጣቷን አልተወችም። አንድ ጊዜ እስከዳር ከፋርማሲ ስትመለስ ከፊት ወንበር ስትወርድ አያት። ምንያህል በሩን ከፈተላት። ገመቺስ የዚያን ሰው ጫማ፣ የዚያን ሰው ሰዓት፣ በሩን የከፈተበትን እጅ ሳይቀር በቃሉ ያዘው። ምግብ አልበላ አለው። ከሁሉ የባሰው ሰውየውን የሚጠላበት አንድ እንኳ ጥፋት ማጣቱ ነው።

በገበያ ቀን ማንጎ ከሚሸጥበት ረድፍ ላይ ተገናኙ። እስከዳር ብቻዋን ነበረች። ከስታለች።

«ደህና ነሽ እስከዳር?»

«ደህና ነኝ። መብራታችንም ደህና ነው» አለች፣ ዓይን ዓይኑን እያየች።

«ሰምቻለሁ። ባለሙያ ገብቶበታል።»

የያዘችውን ማንጎ አገላበጠችው። «ስቶቩን አበራሁ። ካውያውን ጨመርኩ። ውኃ ማፍያውን ጨመርኩ። አይጠፋም።»

«እንኳን ደስ አለሽ።»

«ደስ አለሽ ትለኛለህ?» አለች። «በየቀኑ ነው የማበራው፣ ገመቺስ። በየቀኑ።»

«የእሱም መኪና በየቀኑ ነው የምትመጣው።»

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ጠላ፤ ግን ወጥቷል። እስከዳር ማንጎውን ቀስ ብላ ወደ ክምሩ መለሰችው። ሻጯ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ታያለች።

«እሑድ ሽማግሌ ይልካል» አለች እስከዳር። «ታውቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አሁን አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አታግቢ፣ ወይም እኔስ፣ ወይም ስሟን ብቻ። እሷም ያን ቃል ቆማ ጠበቀችው። ገመቺስ ግን ቅናቱ ምላሱን ይዞት «እንግዲያው እሑድ መብራት እንዳይጠፋባችሁ» አላት።

ዓይኖቿ ሞሉ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ምንም ሳትገዛ ሄደች። እሱ በሰው መሐል ቆሞ ቀረ፤ ያሸነፈ ሰው አነጋገር ተናግሮ ያለቀሰ ሰው ልብ ነበረው።

*

እሑድ እናቱ ብታይ የምትቆጣበትን ሠራ፤ ሱቁን ከፈተ። ጸሎት ቤት ሊሄድ ተነስቶ እግሩ ወደዚህ አመጣው። ማዶ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከነጯ መኪና ወረዱ። ምንያህል ከኋላቸው ገባ። ከግቢው የወጥ ሽታ ይመጣል፤ የቴሌቪዥን መዝሙርም ይሰማል።

ሙርሳል በርጩማውን አስጠግቶ ተቀመጠ። «ገበያ ላይ ምን አለህ እሱ? እስከዳር።»

ገመቺስ ቃል በቃል ነገረው። መራራውን ሁሉ ለማውጣት ያህል ነው የነገረው። ሙርሳል ጢሙን እያሻሸ ሰማ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ስቶቭ፣ ካውያ፣ ውኃ ማፍያ። አንድ ላይ? በየቀኑ?»

«በየቀኑ አለች።»

«ለምን? ልብስ በየቀኑ ይተኮሳል? ሰው ዝም ብሎ ሁሉን ነገር አብርቶ ይቆማል እንዴ? ምን ፈልጎ ነው?»

ገመቺስ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ያኔ ገባው።

እየጠራችው ነበር።

በየቀኑ ሁሉንም አብርታ መብራቱ እንዲጠፋ ትጠብቅ ነበር፤ መንገዱን ተሻግራ «ጠፋብን» ልትለው፤ ሽማግሌ ሊመጣ ነው ልትለው። መብራቱ አልጠፋላትም። ያሰረባት እሱ ነው። ገበያ ላይ አይጠፋም ስትለው የምትነግረው ይህንን ነበር፤ እሱ ደግሞ እንኳን ደስ አለሽ አላት።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ግን ከዚህም የባሰ ነበር። ያ ሁሉ ጭነት፣ በየቀኑ፣ በእነዚያ በሚፈረፈሩ ሽቦዎች ላይ። መቅለጥ ያለበት ካልቀለጠ ሌላ ነገር መጋሉ አይቀርም። ዛሬ ደግሞ ድግስ ነው፤ ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፤ የሚበራው ሁሉ በርቷል።

«ያ ዋቃዮ! አምላኬ!» ብሎ ተነሳ፤ ጠረጴዛው ከነብሎኑ ተገለበጠ። ሙርሳል ከኋላው ሲጣራ አልሰማውም። መንገዱን ሲሻገር ግራ ቀኝ አላየም፤ ልቡ ከእግሩ ቀድሞ ደርሶ ነበር።

*

ሽታው ከበረንዳው ላይ ተቀበለው። የተቃጠለ ጎማ ሽታ፤ ከወጡ ሽታ ሥር ተደብቆ ማንም ልብ አላለውም። ሳሎን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ተነስተው ጉሮሯቸውን እየጠረጉ ነበር። ገመቺስ አቧራ የለበሰ ጫማውን ሳያወልቅ በመሐላቸው አለፈ። የሳጥኑን ዋና ማጥፊያ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ታች ሳበው። ቬንትሌተሩ እየዘገመ ቆመ። መዝሙሩ ተቋረጠ።

«ምን ዓይነት ድፍረት ነው!» አቶ ደባልቄ ተነሱ። «አንተ! እንግዳ ባለበት ቤት!»

ምንያህል ግን አየሩን አሸተተ። መጥቶ እጁን ከሳጥኑ በላይ ግድግዳው ላይ አሳረፈና ወዲያው አነሳ። «ጋሼ፣ አባቶችን ወደ ውጭ ያውጡልኝ። አሁኑኑ።»

መሰላል መጣ። ምንያህል ወጥቶ ኮርኒሱን ሲቀድደው ጭሱ ቡልቅ አለ፤ ቀርከሃው ጠቁሮ ጫፍ ጫፉ ቀልቷል። ገመቺስ አሸዋ በባልዲ ያቀብላል፣ ምንያህል ይደፋል። የሁለቱ እጅ አብሮ የኖረ የወንድማማች እጅ ይመስል ነበር። ፍሙ ሁሉ ከጠፋ በኋላ ምንያህል ወርዶ ፊውዙን ነቀለ። ወፍራሙ ሽቦ ውስጡ ነበር፤ ጠቁሮ፣ ሳይቀልጥ።

ይዞት ወደ ግቢው ወጣ። ሁሉም ማንጎው ሥር ቆመዋል።

«ይህን ማን አስገባው?»

«እኔ» አለ ገመቺስ።

ምንያህል «የፊውዝ ሽቦ አልቆብህ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። የማምለጫ በር እየከፈተለት ነበር። ገመቺስ በሩን አየው፤ ሊገባበትም ይችል ነበር።

«አላለቀብኝም። እያወቅሁ ነው።»

«ለምን?» ጠያቂዋ እስከዳር ናት። ከእናቷ ጎን ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«መብራት ከጠፋ እሱ ይጠራል ብዬ ነው። አንቺ ያን መብራት ለሌላ ሰው ስትይዢ ማየት አልቻልኩም። ቀናሁ፣ እስከዳር። እወድሻለሁ ማለት ፈርቼ ቅናት ግን አልፈራሁም። ልገድልሽ ነበር።»

አንድ ሽማግሌ አማተቡ። እስከዳር አላየቻቸውም፣ አባቷንም አላየችም።

«እኔ እኮ አንተን እየጠራሁ ነበር!» አለች። እንባዋ ሳይጠረግ ወረደ። «በየቀኑ አብርቼ ቆሜ እጠብቃለሁ። ጥፋ፣ ጥፋ እላለሁ። አልጠፋ ሲለኝ በሩን የዘጋህብኝ መሰለኝ። ሰልችቶታል፣ አውቆ ነው ያሰረው አልኩ። ፊውዝ የሚሞተው ቤቱ እንዳይሞት ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም? ታዲያ እንዴት ያንን ከለከልከን?»

እትዬ አስረሳሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሳሉ። አቶ ደባልቄ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ፤ በአንድ አፍታ ያረጁ መሰሉ።

በመጨረሻ የተናገረው ምንያህል ነው። እስከዳርን አያት፤ ገመቺስ ያን አስተያየት አወቀው፤ ከመንገድ ማዶ ሆኖ እሱ ራሱ ያያት የነበረበት ነው። እስከዛሬ ሰውየው መኪናና ሰዓት ብቻ መስሎት ነበር።

«አባቶቼ፣ የመጣችሁበትን ጉዳይ አታንሱት» አለ ምንያህል ለሽማግሌዎቹ። «ጋሼ ደባልቄ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሳጥኑ ግን ዛሬ ይቀየራል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ደርሶ መኪናው ውስጥ ነው።» ይህን ሲል የጠቆረውን ሽቦ ኪሱ ከተተው።

አቶ ደባልቄ ቀና አሉ። «ልጄን እሳት ውስጥ የከተታት ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ያወጣትስ?»

ገመቺስ ወደ ምንያህል አመለከተ። «መጀመሪያውኑ ያስጠነቀቀው እሱ ነው። እኔ እውነት መሆኑን እያወቅሁ ካድኩ።»

አቶ ደባልቄ «ውጣልኝ» አሉ። ቁጣቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ቁጣ ነበር።

እስከዳር እስከ አጥሩ በር ተከተለችው።

«ልርዳው» አለ ገመቺስ። «መስመሩን ሁሉ ብቻውን አይችለውም።»

«አይሆንም። እሱ ይሠራዋል። እኔ መብራት እይዝለታለሁ።» ቆም አለች። «ትችለዋለህ?»

ገመቺስ ሳጥኑ ሥር የሚቆሙትን ሁለት ሰዎች ከአሁኑ አያቸው።

«አልችለውም» አለ። «ግን እሄዳለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «አባቴን አናግረዋለሁ። እሺ ካለኝ የበረንዳዋን አምፖል አበራታለሁ። ካላበራሁ አትምጣ። ከእንግዲህ ግን መብራት ጠፋ ብለህ እዚህ ቤት እንዳትገባ። ሲበራ ና፤ በዚህ በር፣ ሰው እያየህ።»

በሩን ዘጋች። ገመቺስ መንገዱን ተሻገረ።

*

ከሰዓት በኋላው አላልፍ አለ። ሙርሳል ብሎኖቹን ከመሬት ለቅሞለታል። ማዶ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል። በቆመ ቁጥር ገመቺስ ምን እየተነጋገሩ ይሆን ይላል። ቅናቱ አልሞተም፤ እንዲያውም እንደዛሬ ነክሶት አያውቅም። ብቻ ዛሬ እጁን ኪሱ አልከተተም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው የእስከዳርን ቤት ከእሳት ሲያድን ጠበቀ።

ነጯ መኪና ወጣች። ሱቁ በር ላይ ቆመች፤ መስታወቷ ወረደ። ምንያህል የጠቆረውን ሽቦ አቀበለው።

«ያንተ ነው» አለ። «ሁለተኛ በማንም ቤት እንዳታስገባው።»

«አላስገባም። ኢንጂነር…» አለ ገመቺስ። ምንያህል ራሱን ነቀነቀና መኪናዋን አስነሳ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ የበረንዳው ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። አምፖሏ ጠፍታ ተንጠልጥላለች። ገመቺስ ሽቦውን በመዳፉ ጨብጦ አያት፤ ዓይኑ እስኪያቃጥለው አያት። ፀሐይዋ ወደ ማንጎው ጫፍ ወረደች። አሁንም የለም። አቶ ደባልቄ እንቢ ብለዋል ማለት ነው። ይገባቸዋል፣ ሲል አሰበ፤ እኔም ብሆን እንቢ እል ነበር። ተነስቶ የሱቁን መዝጊያ ሊስብ እጁን ዘረጋ።

«ያ ገመቺስ» አለ ሙርሳል ከኋላው። «እነዚህ ሰዎች ምን ሆነ? ፀሐይ እያለ አምፖል ያበራል እንዴ?»

ገመቺስ ዞረ። በዚያ ሁሉ ብርሃን መሐል ያለች ትንሽ ብርሃን ናት፤ ላልጠበቃት ሰው አትታይም። በርታለች። ጠብቆ አያት፣ አልጠፋችም።

«ሙርሳል» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ያ ነጩ ጀለቢያህ ታጥቧል?»

«ታጥቧል። ለምን?»

«ሽማግሌ ልትሆነኝ ነው።»

ሙርሳል አምፖሏን አየ፣ እሱን አየ። ከዚያ የራሱን ሱቅ መዝጋት ጀመረ። ገመቺስ ግን አልተንቀሳቀሰም። መንገዱ ላይ ቆሞ፣ ሰው እያየው፣ ሳያፍር አለቀሰ።